መወለድ ሥራ ሲሆን

ሹመት በዜና ሲነበብ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ተመልካቹን ማየት ይሻላል። ዜና አንባቢው «…ሆነው ተሾመዋል» ብሎ ሳይጨርስ በሻይ ቤቱ ያለው ሁሉ የስም ሊቅ ይሆናል። የተሿሚው የራሱ ስም እምብዛም አይጠቅምም፤ በዘመናችን ወላጅ ልጁን ደስ ያለውን ነው የሚሰይመው። ጆሮ የሚቆመው የአባት ስም ላይ ነው። በአባቱ ካልለየለት አያት ይጠራል። አያትየው ደግሞ አብርሃም ወይም ኢብራሂም ሆነው ካስቸገሩ ነገሩ ይከብዳል፤ ሌላ ሻይ ይታዘዛል፤ «በእናቱ በኩል ግን…» የሚል አዋቂ ከጥግ ብድግ ይላል። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። የገዛ አክስቱን ልጆች ስም ይስታል፤ የሚኒስትሮችን የእናት አገር ግን እስከ ቀበሌው ይዘረዝራል።

ተሿሚው ቀድሞ ሲመራው የነበረው መሥሪያ ቤት ዛሬ በምን ላይ እንደሚገኝ የሚጠይቅ ካለ፣ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ወሬ ማስቀየር የፈለገ ባለዕዳ። በመጨረሻ ብያኔው ይሰጣል፤ «የእኛ ነው» ወይም «የእነሱ ነው»። ግማሹ ቤት ደስ ብሎት፣ ግማሹ ከፍቶት ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ደስ ያለውም የከፋውም ቤቱ ገብቶ ቧንቧውን ሲከፍት የሚያገኘው አየር ነው።

እኔን የሚገርመኝ የሥራ መደቡ ነው። የዚህ ተሿሚ ሥራ ምንድን ነው? የእኛ መሆን። መቼ ጀመረው? ሲወለድ። መቼ ጨረሰው? ያንኑ ዕለት፤ ለዚያውም ድካሙን ሁሉ የወሰደችው እናቱ ናት። ከዚያ ወዲያ መንገድ ቢያሠራ ምርቃት ነው፤ ባያሠራም የጎደለ ነገር የለም፤ የተላከበትን ፈጽሟልና። ሌላው ሠራተኛ ዕቅድ አለው፣ ሪፖርት አለው፣ በስንት መከራ የሚሞላ ፎርም አለው። ይህን ሰው ግን በምን እንለካዋለን? «በዚህ ሩብ ዓመት የእኛ መሆኑን ዘጠና ስምንት በመቶ አሳክቷል» አይባል ነገር!

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚሉ አባቶች ልጆች ነን። ንጉሡ ከዙፋኑ ከወረዱ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል። ሰማዩን እስካሁን የሞከረው የለም። የማይከሰሱትን ግን ቆጥረን አንጨርሳቸውም፤ ያኔ ለአገሩ ሁሉ አንድ የማይከሰስ ይበቃ ነበር፤ ዛሬ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ይዟል።

አንዱ ባለሥልጣን በሙስና ተጠርጥሮ ተያዘ ተብሎ ሲነገር የሚሆነውን አስተውሉ። መጀመሪያ የእሱ ወገን ይደነግጣል፤ ድንጋጤው እስከ ምሳ ሰዓት ይቆያል። ከምሳ በኋላ «ስንቱ ሌባ በየቢሮው ተቀምጦ ለምን እሱ ብቻ?» ይባላል። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም እውነት አለበት፤ በአገራችን እስር ቤት ከሌብነት ይልቅ ካኮረፉት ጋር መዋል የሚያስገባበት ጊዜ መኖሩን ማን ያጣዋል? ነገር ግን ጥያቄው እዚያ አይቆምም። ሲመሽ «የተነካነው እኛ ነን» ላይ ይደርሳል። በማግስቱ ሰውየው ስለ ጠፋው ገንዘብ የሚመልሰው ነገር አይኖርበትም፤ ስለ ሕዝብ ክብር የሚመልሱለት ብዙ ሚሊዮን ሰዎች አግኝቷልና። ገንዘቡን ለብቻው በላው፤ ክሱን ግን ለወገኑ ሁሉ አከፋፈለው። ድርሻው የደረሰው ገበሬ ከገንዘቡ ሽታውን እንኳ አላየም።

ከወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ ጻድቅ እንዳይመስላችሁ። እሱም «አንድ ሌባ ተያዘ» አይልም፤ «እነሱ እኮ ድሮም!» ነው የሚለው። በአንድ ሰው ፊርማ የወጣውን ገንዘብ በአንድ ሕዝብ ላይ ይጽፈዋል። እንግዲህ እዩት፤ ከዚህ ወገን የተነሣው ጠበቃና ከዚያ ወገን የተነሣው ከሳሽ፣ ሳይስማሙ ተረዳድተው ሰውየውን ከመሀል አወጡት። ሁለቱ ሲሰዳደቡ እሱ ጫማውን ያስጠርጋል።

ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ብዙ ሰው ይምልበታል፣ ብዙ ሰው ይረግመዋል፤ አንብቦ የሚምልና አንብቦ የሚረግም ግን ጥቂት ነው። ስለ መገንጠል የሚናገረውን አንቀጽ 39ን ሻይ አፍልታ የምትሸጠው ልጅም በቁጥሩ ታውቀዋለች። አንቀጽ 12 ግን አባት እናት የሌለው ነው። እሱ የሚለው የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊም ሆነ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ይጠየቅ፣ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሣው ይችላል ነው። አንቀጽ 54 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ተናግሮ ሦስት አለቃ ይሰጣቸዋል፤ ሕገ መንግሥቱን፣ ሕዝቡንና ሕሊናቸውን። ፓርቲ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የአያት ስምም የለም። ይህን ለአንድ ጎረቤቴ ባነብለት «የየት አገር ሕግ ነው?» አለኝ።

እውነት ለመናገር፣ ሰው ከወንበሩ ሲነሣ አላየንም አይባልም። አይተናል። የሚያነሣው ግን የመረጠው ሕዝብ ሳይሆን ግምገማ የሚባለው ነው። በሩ ተዘግቶ ለቀናት ይካሄዳል፤ ውስጥ የተባለው ውስጥ ይቀራል፤ ሲከፈት ሰውየው ከነ ቦርሳው ይወጣና ሌላ ቢሮ ይገባል። ጥፋቱ ከበድ ያለ እንደሆነ አምባሳደር ይሆናል ይላል ሕዝቡ። ያቺ የምትቀበለው አገር ምን በድላን ነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ቁጥር ለሚወድ ቁጥር አለ። በ1997 ምርጫ የአዲስ አበባ ሕዝብ ለፓርላማ ያሉትን 23 ወንበሮች በሙሉ ለተቃዋሚ ሰጠ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫም 137ቱን። ያ መራጭ የሁሉም ብሔር ልጅ ነበር፤ የተሰለፈው ግን የማን ልጅ ተወዳደረ ብሎ አልነበረም፤ በቃችሁ ለማለት ነበር። በኋላ የሆነው ሞትና እስር ይታወቃል፤ አልደግመውም። በ2002 ከ547ቱ ወንበሮች ከገዢው ግንባርና ከአጋሮቹ የተረፉት ሁለት ነበሩ፤ በ2007 እነሱም አልተረፉም። በ2013ቱ የሰኔ ድምፅ ደግሞ አንዱ ፓርቲ ከ436 ወንበር 410ሩን ወሰደ። እንዲህ ባለ ምክር ቤት እጅ መቁጠር ለልምምድ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል?

ጠቅሟል፤ አንድ ጊዜ። የካቲት 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለድምፅ ሲቀርብ መጀመሪያ የደገፉት 346 ናቸው ተባለ። አገሩ ሁሉ ካልኩሌተር አወጣ፤ ለሁለት ሦስተኛው ይጎድላል የሚል ክርክር ተነሣ። ከዚያ ቁጥሩ ታረመና 395 ሆነ። ለብዙ ዓመት በሙሉ ድምፅ ሲያጸድቅ የኖረ ቤት መቁጠር ቢረሳ አይፈረድበትም። እኔን የገረመኝ ግን የቆጠራው ስሕተት ሳይሆን ሌላው ቁጥር ነው፤ 88 ሰዎች ተቃወሙ፣ ሰባት ድምፅ ነፈጉ። አንድም የተቃዋሚ ወንበር በሌለበት ምክር ቤት ማለት ነው! በወቅቱ እንደተዘገበው ከተቃወሙት የሚበዙት ሕዝባዊ ቁጣው ከበረታበት ከኦሮሚያ የተመረጡ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች እጃቸውን ያነሡት የት እንደተወለዱ ትዝ ብሏቸው ነው ወይስ ወደ ማን እንደሚመለሱ? የተወለዱበትንማ በፊት በነበሩት ዓመታትም ያውቁት ነበር፤ እጃቸው ግን አልተነሣም። መራጩን የፈሩ ዕለት ነው የተነሣው። ሌላ ምክንያት ያለው ያስረዳኝ።

ይህን ስል «እንግዲያው ማንነት ከፖለቲካ ይውጣ» የሚሉ ወዳጆቼ ትከሻዬን ቸብ ሊያደርጉ ይመጣሉ። ቆዩ፣ ለእናንተም አለ። አፉን በፈታበት ቋንቋ ዳኛ ፊት መቆም ያልቻለ፣ የገዛ ርስቱን ክርክር በአስተርጓሚ የሰማ፣ በሹም ቢሮ በር ላይ የአባቱን ስም የመሰለ ስም አይቶ የማያውቅ ሰው በዚህች አገር ብዙ ነበር። በንጉሡ ዘመን ሕዝቡ ለምክር ቤት መምረጥ የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ለዚያውም ፓርቲ በሌለበት፣ ሀብት ያለው በሚወዳደርበት። ያ ሰው «የእኛ ልጅ ተሾመ» ብሎ እልል ቢል ደስታው የገባው ነው፤ አልቀልድበትም። ሕገ መንግሥቱ ለአነስተኛ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 ወንበር ያስቀመጠውና በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኑረው ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ደግሞም ማንነት የለብኝም የሚለው ወዳጄ ሹመት ሲነበብ ጆሮውን ሲያቆም ደርሼበታለሁ፤ እሱ የሚሰማው «ለስታቲስቲክስ» ነው። የምለው ወዲህ ነው፤ እልልታው ለሹመቱ ቀን ነው፤ በአምስተኛው ዓመትም እልል እየተባለ ያለ ጥያቄ ማለፍ ምን የሚሉት ነው?

የዚህን ነገር መጨረሻ ማየት የፈለገ ቤይሩት ድረስ በሐሳብ ይሂድ። ቤይሩትን እናውቃታለን፤ እህቶቻችን ልብሷን አጥበው፣ ወለሏን ወልውለው፣ ልጆቿን አሳድገው በላኩት ገንዘብ እዚህ ቤት ተሠርቷል። ሊባኖስ ውስጥ ወንበር በሃይማኖት የተሰፈረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1943 ስምምነት ጀምሮ ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ ናቸው። ከ1989ኙ የጣኢፍ ስምምነት ወዲህ ፓርላማው ለክርስቲያንና ለሙስሊም እኩል ይከፈላል፤ ዛሬ ወንበሩ 128 ነው። አፈ ጉባኤው ናቢህ ቤሪ ከ1992 ጀምሮ ከዚያች ወንበር አልተነሡም። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዛሬ ልጅ ወልዷል። የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1932 ነው፤ ማን እንደበዛ ከታወቀ ክፍፍሉ ይናዳል ብለው ስለሚፈሩ መቁጠር ቀርቷል። (በእነሱ አትሳቁ። የእኛም የመጨረሻ ቆጠራ በእኛው አቆጣጠር የ1999ኙ ነው፤ ሕገ መንግሥታችን በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል። ቆጠራ ሲባል እኛም ስንት ትምህርት ቤት ይበቃናል ብለን ሳይሆን ማን ማንን ይበልጣል ብለን ስለምንጠብቀው፣ ቆጣሪው ራሱ በር ሲያንኳኳ ይፈራል።)

በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ በዋትስአፕ ጥሪ ላይ ቀረጥ ልጣል ቢል ሊባኖሳውያን አደባባይ ወጡ። መፈክራቸው «ሁሉም ማለት ሁሉም» የሚል ነበር፤ ሁሉም መሪዎች ይውረዱ ለማለት ነው። አንድ ሰው «ሁሉም» ካለ በኋላ «ማለት ሁሉም» ብሎ መድገም ለምን ያስፈልገዋል? እዚያ አገር «ሁሉም» ማለት ለብዙ ዘመን «ከእኔው በቀር ሁሉም» ማለት ስለነበረ ነዋ። በተከታዩ ዓመት ኢኮኖሚው ሲወድቅ ቀድመው የተጣሉት የእኛ እህቶች ነበሩ፤ አሠሪዎቻቸው ከነ ሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እያወረዱ ጥለዋቸው ሄዱ። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ በወደቡ ለዓመታት ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን የሚሆን አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ዳኛ ተሾመ፤ ምርመራ ተጀመረ፤ ከቀድሞ ሚኒስትሮች ሁለቱ ተጠርጥረው ተጠሩ። አልቀረቡም። የዳኛው ነገር የአንድ ወገን ጥቃት ነው ተባለ፤ እሱን ለመቃወም በተጠራ ሰልፍ ተኩስ ተከፍቶ ሰባት ሰው ሞተ። በ2022 ምርጫ ሲመጣ ሁለቱም የቀድሞ ሚኒስትሮች ተወዳደሩና ሁለቱም ፓርላማ ገቡ። የመረጣቸው ሕዝብ ሞኝ ይመስላችኋል? አይደለም፤ ማዶ ያሉት የየራሳቸውን ሰው ሳያስጠይቁ እኔ የእኔን ብሰጥ ባዶ እጄን እቀራለሁ ብሎ አስልቶ ነው። ማዶ ያሉትም ይህንኑ አስልተዋል። ሒሳቡ በሁለቱም በኩል ትክክል ነው፤ ወደቡ ግን የጋራ ነበር።

ባሕር ማዶ ከተነሣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉትንም ላንሣ። እዚያ የሚኖር ወንድማችን ለአካባቢው ተመራጭ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ኢሜይል ይጽፋል፤ መልስ ሁለት ቀን ከዘገየ «ድምፄን ነፍጌ አሳየዋለሁ» ይላል። ተመራጩ የማን ልጅ እንደሆነ አያውቅም፣ ግድም የለው። አውቶቡሱ ከመጣ ቻይናዊም ይሁን ሜክሲኳዊ እድሜ ይስጠው። ኢሜይሉን ልኮ ሲጨርስ ዩቲዩብ ይከፍትና አዲስ አበባ ስለተሾመው ሰው የአያት ስም ለአራት ሰዓት በቀጥታ ስርጭት ይከራከራል። እዚያ ዜጋ፣ እዚህ የዘር ግንድ አጥኚ፤ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ።

እንዳንችልበት ሆነን ተፈጥረን ከሆነማ ይቅር ባልን ነበር። ግን እንችልበታለን፤ ዕድር ላይ ታዩናላችሁ። የዕድር ገንዘብ ያዥ የሦስት ወር ሒሳብ ሲያቀርብ ያለ ደረሰኝ የወጣች ሃምሳ ብር ብትገኝ ስብሰባው አይበተንም። ካለፈው ለቅሶ ሁለት ጭልፋ ጎድሎ ዕቃ ያዡ ምን እንደወረደበት አይቻለሁ። የዚያ ሰው የእናቱ አገር ሰዎች በስብሰባው ላይ በብዛት ነበሩ፤ አንዳቸውም «ጭልፋዎቹ የተቆጠሩት እኛን ለማዋረድ ነው» ብለው አልተነሡም። እንዲያውም አጥብቀው የያዙት እነሱ ናቸው። የዕድሩ ዳኛ ሦስት ዓመት በደንብ ከሠሩ ይቀጥላሉ፤ ድንኳኑን ካስቀደዱ ተመስግነው ይወርዳሉ። አምባሳደር አያደርጓቸውም። አምስት ብሔር፣ ሁለት ሃይማኖት፣ አንድ የድስት መዝገብ።

ልዩነቱ ከየት መጣ? የዕድሩ ብር ከእጃችን ሲወጣ ስለምናየው ይመስለኛል። የመንግሥቱን አናየውም፤ በሳሙናው፣ በስልክ ካርዱ፣ በቡናው ደረሰኝ ላይ አሥራ አምስት አሥራ አምስት በመቶ እየተቆረሰ ይሄዳል። ሲወጣ ያላየነውን ሲጠፋም አንጠይቅም። ባለሥልጣን አንድ ጉድጓድ ሲደፍን ደግሞ «ከኪሱ አውጥቶ» ያሠራልን ይመስል በሬ አርደን እንቀበለዋለን፤ በበሬው ዋጋ ሁለተኛ ጉድጓድ ይደፈን ነበር።

አሁን አንድ ፈተና ልስጣችሁ። የገንዘብ ሚኒስትሩ የትውልድ አካባቢ የት ነው ቢባል የማይመልስ የለም፤ ባያውቅም ይገምታል። የእናንተን የምርጫ ክልል በተወካዮች ምክር ቤት የወከለው ሰው ማነው? ስሙን ሙሉ ከነ አባቱ ንገሩኝ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየታክሲው ጠይቄ መልስ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ «ሴት ሳትሆን አትቀርም» ያለኝ አለ። እንግዲህ ይህ ሰው በስማችን አዋጅ ያጸድቃል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ጦርነትም ቢሆን። እሱን ሳናውቀው ያላየነውን ሚኒስትር አያት እናውቃለን።

ስሙን ፈልጉት። ስልኩን ያዙለት። በዓመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እጁን አውጥቶ ተናገረ? በየትኛው አዋጅ ላይ ደገፈ፣ በየትኛው ዝም አለ? ስለ እናንተ ወረዳ ለየትኛው ሚኒስትር ምን ጥያቄ አቀረበ? የእናንተው ወገን ከሆነ ይበልጥ አጥብቁት፤ በገዛ ቋንቋችሁ ስለሚመልስላችሁ የሚያመልጥበት አስተርጓሚ የለውም። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። ሐምሌ ላይ ሥራ አይበዛበትምና ጥሩት።